በአጥር አሻግሬ የለመድኩት ቼዝ

ጋሽ ዳና የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ ሶዶ ከተማ ውስጥ ጎረቤቴ ነበሩ። በረንዳቸው ላይ ከጓደኛቸው ጋር ቼዝ ሲጫወቱ በአጥር አሻግሬ አያለሁ፤ ማየት አመሌ ነው፣ ምን ላድርግ! አንድ ቀን "አንቺ ወሬኛ፣ አጥሩን ከምትጥዪው ግቢና ተጫወቺ!" አሉኝ። ገባሁ። ያገኘሁትን ሁሉ ስበላ ወዲያው ንጉሤ ተያዘ።

"የምትሸጪውን ዝንጅብል ይዘሽ ወደ ተበላ ከተማ ገበያ ስትወርጂ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?" አሉኝ።

"ቦታ እይዛለኋ! ሰው የሚያልፍበትን መሃሉን።"

"ታዲያ እዚህ ቦታ ሳትይዢ ምን አስቸኮለሽ?"

ከዚያ ወዲህ ፈረሶቼን ቀድሜ አወጣለሁ፣ መሃሉን እይዛለሁ። ያም ሆኖ ሁሌ ያሸንፉኛል። ልጃቸው ጠቅልላ ወደ አረካ ከተማ ልትወስዳቸው የመጣች ቀን፣ ሳይሄዱ አንዴ እንኳ ላሸንፋቸው ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ወታደር በነፃ ሰጡኝ። እጄን አሳከከኝ፤ ግን አልበላሁም፣ ቦታዬን አልለቀቅኩም። ቀስ በቀስ መሄጃ ጠበባቸው። ብዙ አስበው፣ መሸነፋቸውን አምነው ንጉሣቸውን በገዛ እጃቸው አስተኙት።

"በይ እንግዲህ፣ ለሰፈሩ አውሪ" አሉኝ እየሳቁ።

ልብሴን ሰብስቤ ለወሬ ተነስቼ ነበር። መኪናው ሲወጣ ግን በረንዳውን ባዶውን አየሁት። እመኑኝ፣ እኔ ወሬኛዋ ለማንም ሳልናገር ቤቴ ገባሁ።