ክርስትናው ጠዋት፣ ኳሱ ከሰዓት

— ሄሎ? … አዎ፣ ተድላ ነኝ። ማን ልበል? … ማን? … መዝገቡ? … ኧረ ተው! ሦስት ዓመት ሙሉ ስልኬ ጠፍቶብህ ከርሞ ዛሬ ከየት አግኝተህ ኮል አደረግክልኝ?

— … አዎ፣ እዚህ ናቸው። ጋሼ ዘውዱም እትዬ ሸዋወርቅም ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው እያዩኝ ነው። … ሽማግሌዎቹን የላክኸው አንተ፣ "መጡ እንዴ" ብለህ የምትጠይቀኝም አንተ? … ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው እኮ! ሁለቴ መልሻቸዋለሁ። ዛሬ ጭራሽ "እሺ ካላልክ እህል ውሃ አንቀምስም" ብለው ሻዩ ፊታቸው ቀዝቅዟል።

— ምን አሉ ጋሼ? … እሱ ነው፣ መዝገቡ ነው። … የለም፣ እየሰደብኩት አይደለም፤ ሰላምታ እየተለዋወጥን ነው።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … ልጁንማ ሰማሁ። እንኳን ማርያም ማረቻት። ማን አላችሁት? … ያቤጽ። ጥሩ ስም ነው። ብቻ እናቱን ይምሰል። … ነገ አርባው እንደሆነ አውቃለሁ። ቄሱ ከቶሮንቶ የሚመጡት ለነገ ብቻ እንደሆነም አውቃለሁ። አንተ ግን በዚህ በካልጋሪ ክርስትና የሚያነሳልህ ሰው አጥተህ ነው እኔን የመረጥከው? … "ካንተ ሌላ ወንድም የለኝም።" እሺ። ነገ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ምን እንዳለ አንተው ንገረኝ። … ንገረኝ እንጂ! … አዎ፣ የቤዝቦሉ ፋይናል። የኔ ቡድን ዶቨር ካንተ ቡድን ኮክረን። የኮክረን ወርዋሪ ማን ነው? … የዶቨር መቺስ? … በጣም ጥሩ። ስለዚህ ጠዋት ልጅህን አቅፌ አበልጅህ ልሆን ነው፣ ከሰዓት ኳስህን በዱላ ልመታ ነው። አበልጅ በአበልጁ ላይ እጁ ይዝላል ብለህ ነዋ! ቤዝቦል ሜዳ ላይ ያቃተህን በጠበል ልትጨርሰው!

— እትዬ ሸዋወርቅ፣ አይቆጡ። … አልጮህኩም እኮ። … አዎ፣ ፍልሰታን በቂም ጾሜያለሁ፤ ምን ላድርግ? … "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።" ባለፈውም ብለውኛል ጋሼ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለውንስ ለምን ለእሱ አይነግሩትም?

— ምን? ምን አደረግኩህ ትለኛለህ? አንተ? … ቆይ፣ ስልኩን ሳትዘጋ አድምጥ። ጋሼም ይስሙ፤ እስካሁን መጣላታችንን እንጂ በምን እንደተጣላን አያውቁም። … ጋሼ፣ ይሄን ሰው ኳስ መወርወር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲገባ፣ የዚህ ሕንፃ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ፣ የሰው መኪና መስተዋት እየሰበርን። … አንተ ነህ የሰበርከው! … ከዚያ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በዘጠና ሦስት ዓ.ም. ግራ ዓይኔን ሞራ ጀመረው። ለፀሐይ፣ ለሚስቴ እንኳ ሳልነግር ለእሱ ነገርኩት። ወደ ደረቴ ተጠግቶ የሚመጣ ኳስ አይታየኝም፣ እንዳታወጣው አልኩት። በሳምንቱ ኮቹ ጋ ሄዶ ዘረገፈው። በማግስቱ ቤንች ላይ ነኝ፤ እሱ ደግሞ ወደ ኮክረን ቡድን ሄደ። ወደ ሜዳ ከተመለስኩ ወዲህ በዚህ አካባቢ ያለ ወርዋሪ ሁሉ ወደ ደረቴ ብቻ ነው የሚወረውረው። ወሬው በንፋስ ደረሳቸው?

— … "ፊትህን ቢመታህስ ብዬ ፈርቼ ነው።" ሰማሁህ። እኔን ያቃጠለኝም ይኸው ነው! ብትጠላኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጠላትን እንዴት እንደምመታ አውቃለሁ። አንተ ግን አዘንክልኝ። እየመታሁ፣ በእግሬ ቆሜ፣ እንደ ሬሳ አዘንክልኝ።

— … አይ፣ አልጨረስኩም። ቤንች ላይ ቁጭ ብዬ ምን እንደተማርኩ ታውቃለህ? ኳስ በዓይን ብቻ አይመታም፤ ወርዋሪውን በማወቅ ነው የሚመታው። ሰው የሚፈራውን አይወረውርም፣ የሚመካበትን ነው የሚወረውረው። አንተ ስትጨነቅ ከንፈርህን ትልሳለህ፣ ከዚያ ቀስ ያለው ኳስ ይመጣል። ስትተማመን ቀበቶህን ሳብ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ፈጣኑ ይመጣል። … አላደርግም? ሚስትህን ጠይቃት። … አሁን ራሱ ከንፈርህን ላስክ አይደል? … ሃ! ነገ መሀል ሜዳ ቆመህ ስለ ከንፈርህ ስትጨነቅ ቁጭ ብዬ ሳይሆን ቆሜ ነው የማይህ።

— አቤት ጋሼ? … አዎ፣ የኳሱ ነገር ነው። … ጨዋታ አይበሉት፤ እርስዎ እንደ መሬት ክርክር አድርገው ይዩት። … ዳኛማ አለው። ከኋላዬ ነው የሚቆመው።

— ሄሎ? አለሁ። … ምን? … ድገመው እስቲ። … ዎክ ልታደርገኝ? አራት ኳስ አርቀህ አርቀህ ወርውረህ በነፃ ወደ ቤዝ ልትሸኘኝ? … "እንዳልጎዳህ፣ ለእርቁ ብዬ"? … አንተ ልጅ፣ አሁንስ አበዛኸው!

— ጋሼ፣ ሰሙልኝ? … ዎክ ማለትማ፣ አልወረውርልህም፣ ሳትመታ በነፃ እለፍ ማለት ነው። … አይ ጋሼ፣ ጥሩ አይደለም! ሠርግ የጠሩትን ሰው ምግቡን በፌስታል ቋጥሮ ከበር እንደመመለስ ነው። … አዩ! እርስዎ ገባዎት። እሱ ነው ያልገባው።

— ስማ መዝገቡ። እርቅ ትፈልጋለህ? … ክርስትናውን ላንሳልህ? … እንግዲያው ካሳዬን ስማ። ሽማግሌ ባለበት ካሳ ይጠየቃል፣ ወጉ ነው። ነገ ተራዬ ደርሶ ስቆም፣ የመጀመሪያዋን ኳስ ወደ ደረቴ ትወረውራታለህ። ፈጣኗን። … አዎ፣ በግራ ዓይኔ በኩል። … ብትመታኝም የራሴ ጉዳይ ነው። … አይሆንም? እንግዲያው ልጅህን ሌላ ሰው ያንሳልህ። በል ደህና… … ቆይ፣ ምን አልክ? … ትወረውራለህ?

— ማልልኝ። … እንደዚያ አይደለም፤ በልጅህ ክርስትና ማል። ጮክ በል፤ ስልኩን ወደ ጋሼ ላዞረው ነው። ጋሼ፣ ገመዱ አይደርስም፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ። እትዬም ይስሙ። … ሰማችሁ? "በያቤጽ ክርስትና፣ ፈጣኗን ወደ ደረትህ።" ምስክር ናችሁ። … አዎ፣ እሺ ብያለሁ፣ ልጁን አነሳለሁ። አሁን ሻይዎን ይጠጡ ጋሼ። ፀሐይ፣ አሙቂላቸው። … እልል አይበሉ እትዬ፣ ገና ነው!

— አለህ? … ደስ አለህ? … ጥሩ። አሁን አንድ ነገር ልንገርህ። የካቲት ላይ ኦፕሬሽን አደረግኩ። … ዓይኔን። ሞራው ተገፈፈ። … አያለሁ! ኳሱ ላይ ያለው ቀይ ክር ሳይቀር ይታየኛል። … ከፀሐይና ከሐኪሙ በቀር ማንም አያውቅም። … እንዴት አልታወቀም? ከግንቦት ጀምሮ ወደ ደረቴ የመጣውን እያየሁ ስስተው ነዋ! ቡድኔ በሰፊው ሲመራ ጠብቄ፣ ባዶ አየር ላይ ዱላ እያወናጨፍኩ፤ አሥራ አራት ጊዜ። ሰው ሳቀብኝ። ተድላ አርጅቷል፣ ተድላ አበቃለት ተባለ። ዋጥኩት። ለማን ብዬ ይመስልሃል? ላንተ! ለነገዋ ለአንዲት ኳስ! አሁን ደግሞ ምለሃል፣ ሽማግሌ ሰምቶሃል። ዎክ የለ፣ ቀስ ያለ የለ። ከአጥሩ ወዲያ፣ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ወዲያ ነው የምሰዳት። ሕዝብ እያየ!

— ጋሼ፣ አንድ ጊዜ! … ተንኮል አይደለም። … እርቁ መች ፈረሰ? ልጁን አነሳለሁ አልኩ፣ ቃሌ ቃል ነው። ኳሷንም እመታለሁ፣ እሱም ቃሌ ነው። … እትዬ ሸዋወርቅ፣ ምኑ ነው የሚያስቅዎት?

— ሄሎ? … መዝገቡ? … ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … ዘጋኸው እንዴ? … ምንድነው የሚሰማኝ?

— … አንተ ሰውዬ፣ ታለቅሳለህ? … ምን? … "ተመስገን"? የምን ተመስገን ነው! ያልኩህ አልገባህም? ሕዝብ ፊት አዋርድሃለሁ እኮ ነው የምልህ! … አዎ፣ በሁለቱም። … በደንብ ይታየኛል። … አዎ፣ መኪናም እነዳለሁ። … የለም፣ አያመኝም። ይሄን ሁሉ ለምን ትጠይቀኛለህ? ተናደድ እንጂ! ስደበኝ! … ተስለህ? የምን ስለት? … ለማን ዓይን? … ለኔ?

— … ፀሐይ፣ ነይ እስቲ። እያለቀሰ ነው። … እኔ ምን አውቄ! እንዲፈራ ብዬ ነበር የነገርኩት።

— … በቃ። በቃ አልኩህ፣ ሕፃኑ ይነቃብሃል። … ስንት ሰዓት ነው ቤተክርስቲያን የሚደረሰው? … አሥራ ሁለት ሰዓት። እደርሳለሁ፤ ሺፍቴን ሰው ይይዝልኛል። … ነጠላ አለኝ፣ አታምጣ። … ስማ ግን። ስማኝ ስልህ! ደስ አለኝ ብለህ ነገ ለስልሰህ እንዳትወረውርልኝ። … በሙሉ ጉልበትህ። እኔም አልራራልህም። ሦስት ዓመቱ ሦስት ዓመት ነው፤ በእንባ አይታጠብም። … እሺ። … እሺ፣ እኔም ናፍቀኸኛል፣ ምን ታደርገዋለህ?

— … አንድ ነገር ደግሞ። ከቤተክርስቲያን በኋላ ልጁን ሜዳው ድረስ አምጡት። የአባቱ ኳስ የት ድረስ እንደሄደች ይይ። … የአርባ ቀን ልጅ ሩቅ አያይም? … ግድ የለም፣ እኔ አይለታለሁ። ደህና ዋል።