የሻምበል ሳርና ሥራ ፈት አበቦች

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ጎረቤቴን ሻምበልን አጥራቸው ሥር አጎንብሰው አገኘኋቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጉልበታቸው ሁሉ ያለቀው በግቢያቸው ሳር ላይ ነው። በየሳምንቱ ይታጨዳል፣ የአረምና የተባይ መድኃኒት ይረጭበታል፤ አንዲት ቅጠል ከሰልፍ ብትወጣ ወዮላት! እኔም ዕድሜዬን በማስተማር የጨረስኩ ሰው ነኝና ሥርዓት እወዳለሁ፤ ያንን ሳር መርገጥ ግን እፈራ ነበር።

«እንዴት አደሩ ሻምበል? ምን ጠፋብዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን መምህር። የጠፋብኝ ዱባው ነው! ሐረጉ አጥሩን ጨርሶ ወጣ፣ አበባው መዓት ነው፣ ዱባ ግን የለም። ዛሬ ነቅዬ ቦታውን ሳር አለብሰዋለሁ።»

ባለቤታቸው ከበረንዳው ሰምተው ብድግ አሉ። «ንቀልና እንተያያለን! የእናቴ ዘር እኮ ነው። የነበረኝን በሙሉ ዘንድሮ ዘርቼዋለሁ። ይኼ ካላፈራ አለቀ፣ ከየትም አላገኘውም» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም ዳቦውን ረሳሁት።

«እኔ ምን ላድርግ ታዲያ?» አሉ ሻምበል። «ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ እንከባከበዋለሁ፣ ሥራ ፈት አበቦቹን እየለቀምኩ እጥላለሁ።»

ይኼን ጊዜ የወንድማቸው ልጅ ከቤት ወጣች። ዩኒቨርሲቲ ስለ ነፍሳት የምታጠና፣ ለዕረፍት እነሱ ዘንድ የመጣች ልጅ ናት። «አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሥራ ፈት የሚሏቸው የትኞቹን ነው?»

«እነዚህን! በቀጭን ዘንግ ላይ የቆሙትን፣ ከሥራቸው ምንም የሌላቸውን። ሌሎቹ ትንሽ ዱባ ይዘው ነው የሚወጡት። ባዶዎቹ ምግባቸውን እንዳይሻሙባቸው እቀጥፋቸዋለሁ። እኔ ባለሁበት ቀለብ እየበላ የሚተኛ የለም!»

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። እዚህ ላይ አከበርኳት። ስንት የተማረ ሰው አለ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ስቆ ነገሩን የሚያበላሽ!

«አጎቴ፣ እነዚህ እኮ ወንዴዎቹ ናቸው። ትንሿን ዱባ የያዘችው ሴቴዋ ናት። የወንዴው ብናኝ ካልደረሳት ያቺ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች።»

«እ?» አሉ ሻምበል።

«እሰይ! ባሎቻቸውን ሁሉ ጨርሶልኝ ኖሯል!» አሉ ባለቤታቸው። ይሳቁ ይቆጡ ለራሳቸውም የለየላቸው አይመስልም።

ሻምበል ቀና አሉ። «እሺ፣ ከእንግዲህ አልቀጥፍም። አለቀ፣ ደቀቀ።»

«አላለቀም አጎቴ። ብናኙን ማን ያደርሰዋል?»

«ነፋስ ነዋ!»

«የዱባ ብናኝ ከባድ ነው፣ ያጣብቃል፤ ነፋስ አይወስደውም። የምታደርሰው ንብ ናት። እስቲ ያዳምጡ፣ ንብ ይሰማዎታል?»

ሁላችንም ዝም አልን። ፀሐይ ወጥታለች፣ አበባው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንዲት ዝንብ እንኳ ጥዝ አትልም። ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ሆኜ ያንን ጭርታ አላስተዋልኩትም ነበር።

«ግቢዬ ንጹሕ ስለሆነ ነው» አሉ ሻምበል፣ ድምፃቸው ግን ቀድሞ የነበረው አልነበረም። «ደግሞስ ይኼ ሁሉ ሳር አይበቃትም?»

«ሳሩማ ለንብ ምግብ የሌለበት ማዕድ ነው። ነጭም ቢጫም አበባ ብቅ ሲል ይታጨዳል፣ በተረፈው ላይ መድኃኒት ይረጫል። የሚቀምሰው የሌለው እንግዳ ምን ሊሠራ ይመጣል? ጎረቤቱም ሁሉ እንደዚሁ ስለሚያደርግ ንቡም ቢራቢሮውም እየጠፋ ነው። ወፏም ለጫጩቷ የምታጎርሰው ትል አጣች።»

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!» አሉ ባለቤታቸው።

«ታዲያ ግቢዬ ጫካ ይሁን? እባብ ይግባበት? ሰው ሁሉ ሻምበል ዛሬስ አረጀ፣ ሰነፈ ይበለኝ?» ብለው ጮኹ። አንጀቴን በሉኝ። ትዕዛዝ የሚሰጡት ሰው ካጡ ወዲህ የቀራቸው ያ ሳር ብቻ ነበር።

ልጅቱ ጠጋ ብላ ክንዳቸውን ያዘች። «ማን ደፍሮ ሰነፈ ይልዎታል አጎቴ? ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ይጨዱት፣ ሰው ይቀመጥበት። በአጥሩ በኩል ያለውን ግን አብቦ ዘሩን እስኪጥል ይተዉት። ጠርዙን ቀጥ አድርገው ይከርክሙት፤ ያየው ሁሉ ሆን ተብሎ መሆኑን ያውቃል። መድኃኒቱ ግን ይቅር።»

«ጠርዝ ይኖረዋል?» አሉ ለስለስ ብለው።

«እርስዎ እያሉ ጠርዝ ሊጣመም?» አልኩ እኔ።

ልጅቱ ሻምበል በጠዋቱ ቀጥፈው ከጣሏቸው መካከል አንድ ትኩስ ወንዴ አንስታ የዙሪያውን ቢጫ ቅጠል ላጠችና ሰጠቻቸው። «ብናኙን ሴቴዋ ውስጥ ቀስ ብለው ይቀቡት።» ያ ግዙፍ ሰው ተንበርክከው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው ቀቡት። ጉልበታቸውን ደግፈው ሲነሱ፣ «ንብ ይኼን በየአበባው ታደርገዋለች? በየቀኑ?» አሉ።

«በየቀኑ።»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ማለት ለካ ይኼ ነው» አሉ። ኩራተኛ ሰው እንዲህ ሲል መስማት እንዴት ደስ ይላል! የመርጫውን ዕቃ የዚያኑ ዕለት አስወገዱት።

በእጃቸው የቀቧት ዱባ ያዘች። በአጥሩ በኩል ሳሩ አደገ፣ አበበ፤ አላፊ አግዳሚው አሽሟጠጠ፣ እሳቸው ጠርዛቸውን ከረከሙ። አንድ ጠዋት «መምህር፣ ይምጡ፣ ቀስ ብለው!» ብለው በሹክሹክታ ጠሩኝ። አበባው ውስጥ ንብ ገብታ ብናኝ በብናኝ ሆናለች። ሻምበል ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ወዲያማ ሐረጉ ዱባውን መሸከም አቃተው። ለመድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ ቀረ፣ ለማጨድ የሚያልቀው ጉልበት ተረፈ፣ ወፎቹም ተመለሱ። በእኔ በኩል ያለው ሎሚ እንኳ አምና ያልሰጠኝን ሰጠኝ።

ዱባው ሲበስል ባለቤታቸው ዘሩን አድርቀው፣ ሻምበልን አስከትለው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ በእፍኝ አደሉ። የእናታቸው ዘር እንዳይጠፋ በአንድ ግቢ ማስቀመጥ እንደማይበቃ ገብቷቸዋል። ሻምበል በየደጃፉ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ለእያንዳንዱ ጎረቤት እንዲህ ይሉ ነበር፦

«እኔ ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት። እናንተ አውቃችሁ አታጥፉ።»