የፒክአፗ ጥቁር ጭስ

ከሶዶ ወደ ዲምቱ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንትና አንዲት ሴት አይተዋወቁም። ወሬ የጀመሩት ቀድሞን የሚሄድ አሮጌ የጭነት መኪና ጭሱን ሲለቅብን ነው።

«የኛም የናፍጣ ፒክአፕ እንደዚህ ነበረች፣ ጋሼ። ሦስት ጋራዥ ወሰድናት፤ ሦስቱም ‹ሞተሩ ይውረድ› አሉን። ባሌ ተስፋ ቆርጦ ገዢ ፈለገላት።»

«እኔ ዕድሜዬን በመካኒክነት የጨረስኩ ነኝ። ጭሱ ምን ዓይነት ነበር?»

«ጥቁር። ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል።»

«ሰማያዊ ቢሆን ዘይት እያቃጠለች ነው፤ ጥቁር ከሆነ ግን...»

«አየር አጥሯታል! የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ እኮ። ናፍጣ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ጥቀርሻ ይሆናል። ባሌን ‹ከመሸጥህ በፊት አየር የምትስብበትን እንፈትሽ› አልኩት።»

«የአየር ማጣሪያውን ፈታችሁት?»

«ራሴ ፈታሁት! አይጥ የበቆሎ ገለባ ጠቅጥቃ ጎጆ ሠርታበታለች።»

«ወይ ጉድ!»

«ጠርገን አዲስ ማጣሪያ አስገባንላት። በማግስቱ ጎደሬ ጭነን የሃላሌን ዳገት ስትወጣ ከኋላዋ ጭስ የሚባል የለም። የዓመት ምርመራውንም አለፈች!»

«ጎበዝ፣ ልጄ! ስንቱ መካኒክ ማጣሪያ ሳያይ ሞተር ያወርዳል መሰለሽ። ታዲያ ዛሬ ለምን በታክሲ?»

«ባሌ ነዋ! ‹ሸጠን እንገላገል› ያለው ሰውዬ አሁን ቁልፏን ከኪሱ አያወጣም።»

እኔም ስልኬን አውጥቼ፣ አሮጌዋን መኪናዬን እንዲሸጥልኝ ለደላላው የጀመርኩትን መልእክት አጠፋሁት።