የቀኙ ወንበር ጨዋ

«ሰማዩ እንዴት እንደጠራ አየሽ ብዙዬ? ሳምንቱን ሙሉ ዝናቡ አላስወጣ አላስገባ ብሎን፣ ዛሬ ደግሞ ምን የመሰለ ቅዳሜ አመጣልን! እጅሽን ትንሽ ከፈት አድርጊው እስቲ፤ ክሩ እየተጠላለፈብኝ ነው። እንደሱ... ተባረኪ።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቀይ የሱፍ ክር እየጠቀለሉ ነበር። ጎረቤታቸው ብዙነሽ ሁለት እጆቿን እንደ እስረኛ ወደ ፊት ዘርግታ ቱባውን ይዛላቸዋለች። ስለዚህ የሚመጣው ወሬ ደስ ቢላትም ባይላትም፣ ክሩ እስኪያልቅ ድረስ ተነስታ መሄድ አትችልም።

በዛብህም መሄድ አልቻለም። ከግቢው ማዶ፣ ከቤቱ በር ላይ፣ ሁለት በርጩማዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ በቀኙ ላይ ተቀምጧል። ጉልበቶቹ መሐል የመጥረጊያ እንጨት ቆሟል። የግራው በርጩማ ባዶ ነው። በዛብህ የርጭት አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ ስድስት ዓመት ቆላ ወርዶ በጥጥ እርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ከኖረ በኋላ፣ የበረራ አስተማሪነት ፈቃድ ለማውጣት ወደ ከተማ ተመልሷል። አብራሪ በግራ ወንበር ነው የሚቀመጠው። አስተማሪ ግን ያንን ቦታ ለተማሪው ለቆ ወደ ቀኝ ይሻገራል፤ እዚያም ሆኖ እጁ የሚሠራውን ሁሉ አፉ እየተከተለ ማስረዳት አለበት። መጥረጊያውን እንደ መሪ ይዞ የሚለማመደው ይኸንን ነው። ባለፈው ማክሰኞ ተፈትኖ ወድቋል። የፊታችን ማክሰኞ ይደግማል። መውደቁን ለማንም አልተናገረም።

«ቅዳሜ ደስ የሚለኝ ሰው ሁሉ ቤቱ ስለሚውል ነው። የሚያጥበው ያጥባል፤ የሚያነበው ያነባል፤ የሚበርረውም...» ወይዘሮ ሸዋረጋ ክሩን ጎተት አደረጉ። «የሚበርረውም ይበርራል። ይኸ ግቢያችን እኮ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚለየው አስፋልት ስለሌለው ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ‹አሁን መሪውን ሰጥቼሃለሁ፤ አሁን መሪውን ተቀብያለሁ› የሚል ድምፅ ስሰማ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቀበቶ ፍለጋ እዳብሳለሁ።»

ብዙነሽ ከንፈሯን ነከሰች።

«አትሳቂ፤ የምሬን ነው። እንዲህ ያለ ትጋት አይቼ አላውቅም። ሰው ለባዶ በርጩማ እንዲህ ተጨንቆ ሲያስተምር! ደግሞስ ከበርጩማ የተሻለ ተማሪ ከየት ይገኛል? አይጠይቅ፣ አይከራከር፣ ቀጠሮ አይቆጥር... አያረጅ።»

በዛብህ ጭኑ ላይ ያለውን መጽሐፍ ገለጠ። የገለጠው ገጽ ላይ ምን እንደተጻፈ አላየም።

በርጩማው ባዶ ያልነበረበት ጊዜ እንዳለ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ከጥቅምት ጀምሮ የወይዘሮ ሸዋረጋ የእህት ልጅ ጽጌማርያም፣ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ቦርሳዋን አስቀምጣ ተማሪ ትሆንለት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ያጠናችው ማስተማርን ነው። ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ያጠፋ ተማሪ ሳይሸማቀቅ እንዴት እንደሚታረም፣ ለእሱ ያሳየችው እሷ ናት። በዚሁ መሐል ተዋደዱ፤ ለመጋባትም ተነጋገሩ። ለጥምቀት ሽማግሌ እልካለሁ አላት። ጥምቀት ሲደርስ ለፋሲካ አለ። ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ ፈቃዱን እንዳወጣሁ አለ። ማክሰኞ ከፈተናው ሲመለስ በር ላይ ጠብቃ ‹እንዴት ሆነልህ?› አለችው። ‹ተላለፈ› አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ በርጩማው ላይ አልተቀመጠችም። አሁን ከወይዘሮ ሸዋረጋ በረንዳ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ ናት፤ መስኮቱን ከፍታ የሰኔ ፈተና ወረቀት ታርማለች።

«እኔ እኮ ማስተማር ቀላል ይመስለኝ ነበር። ለመሠረተ ትምህርት ቀበሌ የጠሩን ጊዜ ትዝ ይልሻል? በሃምሳ ዓመቴ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት መቆም! ያስተማረችኝ ይቺው የኛዋ ልጅ ነበረች። ዓይኗን ከመሬት የማታነሳ፣ ሰላምታ ስትሰጪያት እንኳ የምትቀላ። ስሜን ጻፍኩ። መጣችና አየችው፤ ‹እትዬ፣ ይኸ ልክ አይደለም፤ እንደገና ይጻፉት› አለችኝ። ሰው ሁሉ እያየ! አክስቷን! ምን ሆንኩ መሰለሽ? ምንም አልሆንኩም። እንደገና ጻፍኩት። ይኸው ዛሬ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ስወስድ እንደ ሰው እፈርማለሁ።»

ክሩን ሦስት ጊዜ ያህል አዞሩ።

«እሷ እንግዲህ ጨዋነት ብዙም አልገባት ይሆናል። ጨዋስ ሌላ ነው! ቀጄላን ታውቂው የለ፣ አስኮ የሚኖረውን፣ የአብራሪዎቹን ሰርቪስ የሚነዳውን? ትናንት ዳቦ ሰልፍ ላይ ተገናኝተን አንድ ጨዋታ አጫወተኝ። ሽበታሙ ፈታኝ ሻምበል ሰርቪሱ ውስጥ ለጓደኛቸው ሲያወሩ ሰምቶ ነው። ስለ ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም... እሱም ስም አልጠራልኝ። ምን አገባኝ ብዬ ዝም ብዬ ሰማሁ።»

የበዛብህ መጥረጊያ ወደ ጎን ዘመም አለ። እንደገና አቃናው።

«አንዱ አብራሪ ለአስተማሪነት ሊፈተን ወጣ አሉ። ደንቡ ደስ ሲል! ፈታኙ ሻምበል ምንም እንደማያውቅ ተማሪ ሆነው በግራ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ አውቀው ያጠፋሉ። ተፈታኙ ደግሞ ‹እንዲህ አይደለም› ብሎ ማረም፣ እምቢ ካሉትም መሪውን ከእጃቸው መቀበል አለበት። ሕፃን ልጅ የሚችለው ነገር አይደለም? እሺ፤ ወጡ። ሻምበሉ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ሽቅብ ቀና አደረጉት። ቀና... አሁንም ቀና... ፍጥነቱ እየሞተ ሄደ። ፊሽካ የመሰለ ነገር አለ አሉ፣ ‹ልትወድቁ ነው› ብሎ የሚያስጠነቅቅ፤ እሱ እዬዬ ይላል። ታዲያ ይኸ ጨዋ ልጅ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው?»

ብዙነሽ አንገቷን አስግጋ ጠበቀች።

«‹ጌታዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ!›»

ብዙነሽን ሳቋ አመለጣት። እጆቿ ሲንቀጠቀጡ ቱባው እስከ ክርኗ ወረደ፤ ወይዘሮ ሸዋረጋ በዝግታ ወደ ቦታው መለሱላት።

«ቆይ፣ አላለቀም። ሻምበሉ ይባስ ብለው በአንድ እግራቸው መርገጫውን ረገጡና አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲንሸራተት፣ ‹ካስቸገረዎት ላግዝዎት?› አላቸው። እስቲ ይኸን የመሰለ አስተዳደግ ዛሬ የት ይገኛል? በሰማይና በምድር መሐል ተንጠልጥሎ ‹ላግዝዎት?›! እናቱ አሥር ልጅ ቢኖራት አሥሩም እንዲህ ቢሆኑ አይደንቀኝም። በመጨረሻ ራሳቸው ሻምበሉ አውሮፕላኑን አቃኑና፣ ‹ልጄ፣ በጨዋነትህ ልትገድለኝ ነበር› አሉት።»

እውነትም እንዲያ ነበር ያሉት። በዛብህ ያቺን ደቂቃ በእነዚህ አራት ቀናት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደኖራት እሱ ያውቃል። ሊናገረው የሚገባው ቃል አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከጽጌማርያም ጋር መቶ ጊዜ ብሎታል። ግን በግራው ወንበር ላይ ያየው ተማሪ አልነበረም። የሻምበሉን እጅ ነው ያየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሊበርር ሲነሳ ትከሻውን መታ አድርጎ የሸኘውን እጅ። ለእኒያ ሰው ‹ተሳስተዋል› ማለት፣ አባቱን ከማዕድ ተነሳ እንደማለት ሆነበት። ፊሽካው ሲጮህ እንኳ የሞት ፍርሃት አልተሰማውም። የተሰማው እፍረት ነው።

«ወረቀቱ ላይ ምን እንደጻፉለት ቀጄላ አልሰማም። እኔም አልጠየቅኩ። ቤቱ ሲገባ ለሚጠብቀው ሰው ምን አለ ይሆን ግን? ‹ተላለፈ› ብሎ ይሆን? ኧረ አይልም! እንዲህ ያለ ጨዋ ይዋሻል እንዴ ብዙዬ?»

ከመስኮቱ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። ከዚያ ደግሞ መገለጡ ቆመ።

«አንደበት የለውም እንዳልል ደግሞ... አይ፣ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው፣ አትቀላቅዪብኝ። ባለፈው እሑድ በቀበሌው ሂስና ግለ ሂስ ላይ አንድ ጓድ ተነስቶ፣ ብርሃኔ ቧንቧ ሳትዘጋ ሄደች ብሎ እንዴት አድርጎ እንዳረማት አላየሽም? አንደኛ ብሎ ጀመረ፣ ሁለተኛ አለ፣ አራተኛ ላይ ሲደርስ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። አቤት ድፍረት! ኩራት ነው የተሰማኝ። ታዲያ ብርሃኔ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሽበት የላት፣ ማዕረግ የላት... ለመታረም የምትመች ልጅ ናት።»

በዛብህ ያን ዕለት ተነስቶ ብርሃኔን ካረማት በኋላ ‹ማስተማር ማለት እንዲህ ነው› ብሎ በልቡ ራሱን አሞግሶ ነበር።

«ከዚህ ክር ሹራብ ለማን እንደምሠራ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ለልጃችን ነው። ቤቴል ንፋሱ ከዚህ ይብሳል ይላሉ።»

ብዙነሽ ግንባሯን ቋጠረች። ጽጌማርያም ከቤቴል ምን አላት?

«ለካ አልነገርኩሽም! አቶ ወልደ አማኑኤል ዛሬ ጋቢያቸውን አሳጥበው አጥር ላይ አስጥተውታል፤ ስታልፊ አላየሽውም? አይ እኒህ ሰው። የእድር ዳኛ ሆነው ቃላቸውን እንደሚያከብሩ፣ ሌላውም እንደሳቸው ይመስላቸዋል። ለጥምቀት አንድ ሰው ‹ሽማግሌ ይሁኑኝ፣ ይዘጋጁ› አላቸው፤ ጋቢ አሳጠቡ። ቀረ። ለፋሲካ ‹አሁን ነው› አላቸው፤ አሳጠቡ። እሱም ቀረ። የሰው ቤት ሳይረግጥ በእጥበት ያለቀ ጋቢ የሳቸው ብቻ ነው። የነገው ግን አይቀርም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው እኔ ቤት ይመጣሉ... የሀብተማርያም ሽማግሌዎች ሆነው።»

በዛብህ መጽሐፉን ከጭኑ ላይ አነሳ፤ ከዚያ ምን ሊያደርገው እንዳነሳው ጠፋበት። አቶ ወልደ አማኑኤልን የለመናቸው እሱ ነው። ‹ትንሽ ይታገሱኝ› ያላቸውም እሱ።

«ሀብተማርያምን አታውቂውም? የቤቴሉ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ። ምንም የሚወራለት ነገር የለው። ሰማይ ምን እንደሚመስል ከታች ሆኖ ነው የሚያየው፤ እንግሊዝኛም እምብዛም አይሆንለት። ብቻ ወደ አሰብ ሲሄድ ‹ረቡዕ እመጣለሁ› ካለ፣ ረቡዕ ይመጣል። ችሎታው እንግዲህ እሱ ብቻ ነው።»

የቀረው ክር ትንሽ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረጋ መጠቅለላቸውን ቀስ አደረጉት።

«ልጅቷን ጠየቅኋት። ሳልጠይቅ አላደርገውም፣ ዘመኑ የሴቶች እኩልነት ነው ተብለናል። ‹እትዬ፣ እስከ ዛሬ ማታ ጊዜ ይስጡኝ፤ ከዚያ ያሉትን እቀበላለሁ› አለችኝ። ምን እንደምትጠብቅ እኔ አልገባኝም። መስኮቱን ከፍታ ነው የዋለችው። ብርድ ይመታሻል ብላት እምቢ አለች። እኔ ደግሞ ክፉ ሴት አይደለሁም ብዙዬ፣ ታውቂኛለሽ። አሁን አንድ ሰው ከተቀመጠበት ተነስቶ፣ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ ‹እትዬ ሸዋረጋ፣ ተሳስተዋል፤ ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ልጅቷ የኔ ናት› ቢለኝ... ምን እላለሁ? ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። አክስት ነኝ እንጂ ሻምበል አይደለሁ...»

ወሬያቸውን አቆሙ። ክሩም ቆመ። ከሩቅ፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ በኩል፣ የአውቶብስ ጡሩምባ ተሰማ።

በዛብህ ተነሳ። መጥረጊያው ከጉልበቶቹ መሐል ወደቀ። ግቢውን አቋርጦ በረንዳው ሥር ሲደርስ መስኮቱ ከፊት ለፊቱ ነበር፤ ከመጋረጃው ኋላ አንድ ሰው ከወንበር ሲነሳ በጥላው አየ። የሚለው ሁሉ ተሰናድቶ ነበር። እትዬ፣ ተሳስተዋል። ሁለት ቃል ናት። ቀና ብሎ አያቸው። የወይዘሮ ሸዋረጋ ፀጉር ከሻሻቸው ሥር ነጭ ብሎ ወጥቷል። ወባ ይዞት ከቆላ የመጣ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አጥሚት ሠርተው ያጠጡት እኒህ ሴት ናቸው። እናቱ እንኳ ያን ያህል አልቆመችለትም።

አፉ ተከፈተ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ጠበቁት። እውነት ጠበቁት፤ ዓይናቸው ውስጥ ለአንድ አፍታ ማሽሟጠጡ ጠፍቶ ‹በል እንጂ› የሚል ልመና የመሰለ ነገር ታየ።

በዛብህ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። ከዚያ ሳይቸኩል፣ ጀርባውንም ሳይሰጣቸው፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ተመለሰና በቀኙ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

መስኮቱ ተዘጋ። የዘጋው ሰው አላንጓጓውም፤ ቀስ አድርጎ፣ መቀርቀሪያውን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ነው የዘጋው።

ወይዘሮ ሸዋረጋ የመጨረሻዋን ክር ከብዙነሽ አውራ ጣት ላይ ፈቱላት።

«አሁን እጅሽ ተፈትቷል፤ ዘርጊና አሜን በይልኝ ብዙዬ። ሽማግሌ አክባሪውን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልን። ታላቁ ፊት አፉን የማይከፍተውን፣ ያሰበበት ያድርስልን። ፈተናውን ይለፍለት፤ ፈቃዱን በእጁ ያስይዝለት፤ በወንበሩ ላይ ያቆየው። ዕድሜ ከጤና ጋር ሰጥቶት... የልጃችንን የበኩር ልጅ፣ ‹ጋሼ› እያለው፣ መብረር ለማስተማር ያብቃልን።»