የጋቢናው ፊልትሮ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ ሾፌሩ ሳል አላስወራው አለ። ጋቢና የተቀመጡት ቄስ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ሐኪም አላየህም?»

«ሁለት ጊዜ ታየሁ፣ አባ። ሳንባህ ደህና ነው አሉኝ። ቤት ስውል ይተወኛል፤ መኪና ስይዝ ይመለሳል።»

«ፊልትሮውን መቼ አጸዳኸው?»

«በየወሩ አስጸዳዋለሁ።»

«የሞተሩን ነው የምትለኝ። ለእኛ አየር የሚያጣራውንስ?»

«እሱንስ መኪናዋን ከገዛሁ አልነካሁትም።»

መንገድ ላይ ስንቆም ሾፌሩ ፊልትሮውን ከፊት ካለው ዕቃ ማስቀመጫ ኋላ ጎትቶ አወጣው። አቧራና እብቅ ደፍኖታል።

«ይህን ስስብ ነው የኖርኩት? ሳሉን ፈርቼ መኪናዋን ልሸጣት ነበር እኮ፣ አባ!»

«አትሽጣት፤ አዲስ ፊልትሮ ግዛላት።»

በየሳምንቱ በዚችው መኪና የምመላለሰው እኔ፣ አጠገቤ ያለውን መስኮት እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።