ጭድ ውስጥ የከረመው ኮምፒውተር

ከመርሳ ወደ ወልድያ ስንሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከአጠገቤ ያለች ልጅ ኮምፒውተር ታቅፋ ከአንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋር ታወራለች።

«የወንድሜን ጌም ስከፍት አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ድርግም ይላል። መርሳ ያሉ ጠጋኞች ‹ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ሁሉም ተደምስሶ እንደ አዲስ ይጫን› አሉኝ።»

«ታዲያ አስጭኚዋ!»

«ወላሂ አላደርገውም! ሲዘምት ያቆመው ጨዋታ አለበት። ‹እስክመለስ እንዳይጠፋብኝ› ብሎኛል።»

«ከተማው ሲያዝ የት ደበቃችሁት?»

«ጭድ ክምር ውስጥ።»

«ጭድ! ኮምፒውተር በሬ መሰለሽ?»

«ምን እናድርግ፣ ሌላው ሁሉ ተዘረፈ።»

«በይ አብሽሪ። ማራገቢያው ጭድ ጎርሶ ነው፤ ሲግል ይጠፋል። ጭዱን አራግፌ እሰጥሻለሁ፤ ጨዋታው አይነካም።»

«አልሐምዱሊላህ!»

«ወንድምሽስ መቼ ይመጣል?»

«ከዘመተ ወዲህ አልደወለም።»

ወልድያ ስወርድ ከኮምፒውተሩ የረገፈች አንዲት ጭድ ቀሚሴ ላይ አገኘሁ፤ አላራገፍኳትም።