መስቀል የሆነችው የሮማ ዲናር

«ስሚ ስመኝ፣ ሂተሩ ወደ ኋላ ይደርስሻል? እኔ እንኳ ሞቆኛል... ዘንድሮ ብርዱም አዘነልን መሰለኝ። በጥር ወር ስኔሊንግ ጎዳና ላይ ሰው ያለ ኮፍያ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሙሽራዋስ ብትሆን፣ እንዴት አምሮባታል!»

ጽጌሬዳ ስትናደድ ድምፅዋ ይጣፍጣል። ከምሳ ሠርግ እየተመለሱ ነው፤ እሷና ጓደኛዋ ስመኝ ከኋላ ተቀምጠዋል። መኪናውን የሚነዳው፣ ነገ እሁድ ወደ አጎቷ ቤት ሽማግሌ ሊልክ የተዘጋጀው ሰው ነው። ቅድም አዳራሹ ውስጥ፣ ሕዝብ እያየ፣ አንዲት ትንሽ የብር መስቀል አንገቷ ላይ አጥልቆላት ተጨብጭቦለታል። መስቀሏ ከራሷ ከጽጌሬዳ ሳንቲም የተሠራች መሆኗን የነገራት ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም በኩራት።

«እኔ የምለው... ስጦታ የሚያውቅ ሰው አይደንቅሽም? አንድ የማውቀው ሰው አለ፣ ስሙን ተይው፣ ሐሜት ይሆንብኛል። ሚስተር ኦልሰንን ታስታውሻቸው የለ? ቤታቸው እየሄድኩ ኬር አደርግላቸው የነበሩት የላቲን አስተማሪ፣ ነፍስ ይማር። ሲሞቱ ልጃቸው ያቺን የሮማ ብር፣ ያቺን ዲናር፣ ‹አባቴ ላንቺ ነው ያለው› ብላ ሰጠችኝ። ወንጌል ሲነበብ የምንሰማው ዲናር እኮ ነው! የቄሣሩ አፍንጫ ሳይቀር ይታይ ነበር። እና ለዚያ ሰው ሰጠኋት። ምን ብዬ? ሳትበሳ ማንጠልጠያ ብቻ አሠራልኝ ብዬ።

«እሱ ግን አንጀቱ አይችልም። ጠቁራ፣ ጠርዟ ተቆራርጦ ሲያያት አዘነላት። ጠርዟን የቆረጡት እኮ የዚያን ዘመን ነጋዴዎች ናቸው። ላዩን ብር ለብሶ ውስጡ መዳብ የሆነ ሳንቲም ስለነበረ ቆረጥ አድርገው ያዩ ነበር አሉ። የእኔዋ ውስጧም ብር ነበር። ዛሬ ማን እንዲህ ቼክ ያደርጋል? ሱፍ ለብሶ ከመጣ ይበቃናል... አይደል እንዴ?»

ስመኝ ሳቋን በሻርፗ አፈነችው። ሹፌሩ ሲዲውን ከፍ አደረገ።

«ኧረ ዘፈኑም ደስ ይላል!» አለች ጽጌሬዳ፣ ድምፅዋን ከዘፈኑ በላይ አድርጋ። «እናልሽ... አገር ቤት ጠገራ ብር ለአንጥረኛ ይሰጥና መስቀል ይሠራ የለ? ወግ አዋቂ ነዋ፣ ፊሊፕስ ሰፈር ያለው አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ አስቀለጣት። አነሰች ብሎ ደግሞ መዳብ አስጨመረባት! የሮማ ነገሥታት ብራቸው ውስጥ መዳብ እየቀላቀሉ ለማርከስ ስንት ዘመን እንደፈጀባቸው ታውቂያለሽ? እሱ በአንድ ከሰዓት ጨረሰው። ፈጣን ነው!»

ሚስተር ኦልሰን ያቺን ሳንቲም መዳፏ ላይ አስቀምጠው፣ በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው ጽሑፉን ሲያሳዩአት ትዝ አላት። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ሳቀች እንጂ አላለቀሰችም።

«ከዚያማ የራሴኑ ለራሴ፣ በሕዝብ ፊት... እጁም አልተንቀጠቀጠም። እንዲህ ያለ ድፍረት ለሁሉ አይሰጥም እኮ! ይቅርታ መጠየቅ የሚባለውን ጣጣም አያውቅም፤ ደስ ሲል። እንዲህ ያለ ሰው ሚስት ቢያገኝ አስቢው... የማያምረውን ጠባይዋን አቅልጦ፣ የጎደላትን ቀላቅሎ፣ እንደ አዲስ ይሠራትና ‹የእጄ ሥራ ናት› ብሎ ሰው ያሳያታል። የታደለች!»

መኪናው ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ የአጎቷ አፓርታማ በር ላይ ቆመ። ሰውየው ዞር ብሎ ሊያያት ሞከረና አንገቱ ግማሽ ዞሮ ቀረ። ጽጌሬዳ መስቀሏን አላወለቀችም፤ የራሷ ናትና። ወረደች፤ በሩን እንደያዘች ወደ ስመኝ ጎንበስ አለች።

«በይ ደህና ዋይ የኔ ቆንጆ። ያንን ሰው ግን ሳንመርቀው አንለያይም፣ እጅሽን ዘርጊ... ነገ ሊልካቸው ያሰባቸውን ሽማግሌዎች ብርድ አይንካብን፣ እዚህ ድረስ ከመልፋት ያሳርፍልን። እሱንም ትዳር አያሳጣው። ቆንጆ፣ ጨዋ፣ እሺ ባይ ሚስት ይስጠው... ከመቅለጧ በፊት ምን እንደነበረች የማታስታውስ። አሜን በይ እንጂ!»